ለኒካሁ የተፈለገው ቀኝ እጄ

ሰው መታመሙ ካልቀረ ደግ ቦታ ላይ ቢታመም ምን አለበት? ጨጓራ ቢሆን ማንም አያየውም። ወገብ ቢሆን ከዘራ ተይዞ ይዞራል፤ እንዲያውም መከበሪያ ነው። እኔን ያመመኝ ግን ቀኝ እጄን ነው። ያውም ከሚሴ ላይ!

እኛ አገር ሰላምታ በአንገት ንቅናቄ አያልቅም። ሰው ከሰው ሲገናኝ ይጨባበጣል፤ አንዱ የአንዱን እጅ ይስማል፣ ያኛውም መልሶ ይስማል። ከዚያ እጅ ለእጅ እንደተያያዙ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ጨፋ ሮቢት ስላለው አጎት ይጠያየቃሉ። መሀል መንገድ ላይ ቆመው ባጃጅ ጡሩምባ ቢነፋባቸው ባለ ባጃጁንም ሰላም ይሉታል እንጂ አይላቀቁም። እንዲህ ባለ ከተማ ቀኝ እጁን የታመመ ሰው ምላሱን የታመመ ያህል ነው።

ሥራዬ ታፔላ መጻፍ ነው። ዛሬ በኮምፒውተር የሚታተም ሸራ መጥቶ ከገበያ እያስወጣኝ ነው እንጂ፣ ያኔ ከከሚሴ እስከ ሰንበቴ ካሉት ሱቆች የብዙዎቹን ስም የጻፍኩት እኔ ነኝ። በአማርኛም በኦሮምኛም እጽፋለሁ። ሻይ ቤት ከሆነ ብርጭቆ፣ ሥጋ ቤት ከሆነ በሬ እሥላለሁ። በሬህ አህያ ይመስላል የሚሉኝ አሉ፤ ሥጋ ቤቶቹ ግን እስከ ዛሬ ሥጋ አላጡም። ማታ ሥራ ስጨርስ የዘይት ቀለሙ በውሃ ስለማይለቅ እጄን በቤንዚን እታጠባለሁ፣ ከዚያ በልብስ ሳሙና እፈትገዋለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ነው።

በሽታው የጀመረኝ በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መሀል ነው። ትንሽ ቀላ ብሎ በላኝ። አከክሁት። ምን ልዋሻችሁ፣ ደስ ይል ነበር። ስለዚህ ደግሜ አከክሁት። ከሰነበተ በኋላ ቆዳው ተሰነጣጠቀ፣ ውሃ ያዘ፣ ይቀረፍም ጀመር። ባለቤቴ ከድጃ አየችና «ኧረ ይኸ ነገር ደግ አይደለም፤ ሐኪም አሳየው» አለችኝ። ያልፋል አልኳት። ወደ መዳፌ አለፈ።

ነገሩ ይህ ብቻ ቢሆን ግድ አልነበረኝም። ግን ልጄ ዘሃራ ታጭታለች። ሌላ ልጅ የለኝም። እናንተ እንደምታውቁት ኒካህ ሲታሰር የልጅቱ አባት የሙሽራውን ቀኝ እጅ በቀኝ እጁ ይይዛል። ሼሁ የጋብቻውን ምክር፣ ኹጥባውን፣ አንብበው፣ ሰጠሁ፣ ተቀበልኩ እስኪባል ድረስ እጅ ለእጅ ተያይዘው ይቀመጣሉ። አባት ካልቻለ ወኪል ያቆማል። ወኪል የሚያቆም አባት ግን ወይ ሩቅ አገር ያለ ነው፣ ወይ አልጋ የያዘ። እኔ በሁለት እግሬ ቆሜ፣ ለእንግዳ ወንበር እያቀረብኩ፣ ልጄን ሌላ ሰው ሲድርልኝ ልይ?

ስለዚህ ደሴ ሄድኩ። የቆዳ ሐኪም ያለው እዚያ ነው ተብዬ። ገና ከበሩ ታፔላውን አነበብኩ። «የቆዳና የአባላዘር» ይላል። ጸሐፊው ቦታ አልመጠነም፤ «የቆዳና» የምትለዋን ጥግ ላይ እንደ ጉንዳን አሳንሶ ጽፎ፣ «አባላዘር»ን ግን በቀይ ቀለም ከመንገዱ ማዶ እንዲነበብ አድርጎታል። ፎጣዬን ፊቴ ላይ ስቤ ሮጬ ገባሁ። የሚያውቀኝ ሰው ቢያየኝ፣ ያመመኝ እጄን ነው ብል ማን ያምነኛል?

ውስጥ ነጭ ጋውን የለበሰች ሴት አለች። በሽተኛ በስሙ አትጠራም። «እከክ፣ ግባ! ቋቁቻ፣ ተዘጋጅ! ቡግንጁ ሰውዬ፣ የት ሄደ?» ትላለች። የተጠራው ሰው አንገቱን ደፍቶ ሲነሳ ሌሎቻችን ስንሸሸው ያሳዝናል። እኔን አገላብጣ አየችኝና ስም አጣችልኝ። «እጁ!» አለች። ገባሁ።

ሐኪሙ በሽተኛን በቡድን ነው የሚያስገባው። ግድግዳው ሥር አግዳሚ ወንበር ላይ ደርድሮን እሱ ከጠረጴዛው ማዶ ይቀመጣል። ሃምሳ ዓመት ይሆነዋል፣ ቀጭን፣ ሲናገር ቀና የማይል። ከጎኔ የነበረው ገበሬ ችግሩን በሹክሹክታ ነገረው።

«ጮክ በል፣ አልሰማሁም» አለው።

ገበሬው ትንሽ ከፍ አደረገው።

«ብሽሽትህ ላይ ነው?» አለ ሐኪሙ ደጅ ድረስ በሚሰማ ድምፅ። እኛ ሁላችን ቀና ብለን ኮርኒሱን አየን። የዚያን ክፍል ኮርኒስ እስከ ዛሬ ልሥለው እችላለሁ።

ተራዬ ደረሰ።

«እንዴት ነህ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ። እርስዎስ ዓፊያ ነዎት?»

«ደህና ከሆንክ ለምን መጣህ?»

አግዳሚው በሙሉ ሳቀ፤ ገበሬው ሳይቀር። እጄን እንደ ተማሪ አነሳሁ። ይበልጥ እንዲያይልኝ ጠጋ ልል ስል በእስክርቢቶው ጠቆመኝና «እዚያው!» አለ። «ገልብጠው። በቃ።» የሆነ ነገር ጫር ጫር አድርጎ ሰጠኝ። «ቅባት ነው፤ ጠዋትና ማታ ትቀባለህ። ወር ሲሞላ ተመለስ። የሚቀጥለው!» ይጋባል ወይ ብዬ ልጠይቀው ጉሮሮዬ ላይ ደርሶ ነበር። የሚቀጥለው ግን ቀድሞኝ ሸሚዙን ገልጧል።

ቅባቱን ተቀባሁ። ማታ በቤንዚን ታጥቤ እቀባለሁ፣ ጠዋት እቀባና ሥራ እገባለሁ። እጄም እየባሰው ሄደ። ወሩ ሲሞላ ተመልሼ አግዳሚው ላይ ተደረደርኩ።

«ተሻለህ?» አለኝ ቀና ሳይል።

«አልሐምዱሊላህ፣ ተሽሎኛል» አልኩት።

«ጥሩ፤ በዚያው ቀጥል። የሚቀጥለው!»

ደጅ ከወጣሁ በኋላ ነው ምን እንዳልኩ የገባኝ። ቤት ስደርስ ከድጃ «ምን አለህ?» አለችኝ። «ተሽሎኛል አልኩት» አልኳት። እጄን አየች፣ ፊቴን አየች፣ ከዚያ ወደ ጓዳ ገባች። ከድጃ ስትናደድ አትጮኽም፤ ዕቃ ታጥባለች። ያን ቀን የታጠበውን ዕቃ በድጋሚ አጠበችው።

እስቲ ፍረዱኝ። እኛ ዘንድ ሰው እንዴት ነህ ሲባል መጀመሪያ ለአላህ ምስጋና ያደርሳል። ሞት አፋፍ ላይ ቢሆንም አልሐምዱሊላህ ይላል። ጠያቂውም ይህን ስለሚያውቅ ቆየት ብሎ ይደግመዋል፤ ያኔ «ትንሽ ነገር ነበረችብኝ» ይባላል። ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠየቅ ነው በሽተኛው ተነፍሶ ያለበትን የሚናገረው። ከመጀመሪያው ጥያቄ ዘሎ ስለ ቁስሉ የሚያወራ ሰው እኛ ዘንድ ያላደገ ይባላል። ሐኪሙ ደግሞ ጊዜ ያለው ለአንድ ጥያቄ ብቻ ነው። እሱ አንዴ ይጠይቃል፣ እኔ አንዴ አመሰግናለሁ፣ እጄ መሀል ላይ ይቀረፋል።

ከዚህ በኋላ ሰው መሸሽ ጀመርኩ። እጃቸውን ሲዘረጉልኝ «ቀለም ነክቶኛል» ብዬ አንጓዬን እሰጣለሁ። ይህ በሥራ ቀን ያስኬዳል። ጁምዓ ዕለት መስጊድ በር ላይ፣ ነጭ ለብሼ፣ ሽቶ ተቀብቼ፣ ቀለም ነክቶኛል ስል ግን ሰው ይተያይ ጀመር። ትንሽ ቆይተው እነሱ ራሳቸው ቀድመው አንጓቸውን ይሰጡኝ ገቡ። ያ ነገር ከማሳከኩ ይልቅ አመመኝ። አንዱ ቁምጥና ነው መሰለኝ አለ፤ ወሬው ሰንበቴ ከብት ተራ ከከብቱ ቀድሞ ደረሰ።

ሰንበቴ ደግሞ የሙሽራው አገር ነው። ሙሽራው ኑሬ ይባላል። ሲያናግሩት መሬት መሬት የሚያይ ዝምተኛ ልጅ ነው። አባቱ በልጅነቱ ስለሞተ ያሳደገው አጎቱ አያ እንድሪስ፣ ከአፋር ቆላ የሚመጣውን ከብት እየገዛ የሚነግድ ሰው ነው። አንድ ቀን አያ እንድሪስ እቤቴ መጣ። ስለ ዝናቡ ጠየቀኝ፣ ስለ ማሽላው፣ ስለ ጤናዬ ጠየቀኝ፤ አመሰገንኩ። ደግሞ ጠየቀኝ።

«ያ እጅህ አመመው አሉ?»

«ኧረ ትንሽ ነገር ናት፣ አያ እንድሪስ።»

«እስቲ ልየው።»

አንጓዬን ያዘና ወደ ብርሃኑ አዞረው። ጣቶቼን አንድ በአንድ አጠፈ፣ ዘረጋ፣ ክርኔን ጫን አደረገ። ቀጥሎ አፌን ከፍቶ ጥርሴን የሚያይ መሰለኝ።

«አትቀየመኝ፣ ወንድሜ» አለ በመጨረሻ። «ልጁ የቲም ነው፤ የአደራ ልጅ ነው። ኒካሁን ወኪል ቢያስርልህስ?»

«ወላሂ፣ አያ እንድሪስ፣ ከዚህስ እጄ ቢቆረጥ ይሻለኛል።»

«ቢቆረጥማ በምን ትይዘዋለህ?»

ሁለታችንም አልሳቅንም። «እንግዲያው አብሬህ ልሂድ» አለ። «የማይጋባ ከሆነ ሐኪሙ ፊቴ ይበለኝ። ኢንሻአላህ ያኔ ራስህ ትድራለህ።»

ሚኒባሱ ውስጥ መንገዱን ሙሉ ስለማመድ ሄድኩ። «ዶክተር፣ ደህና አይደለሁም። ዶክተር፣ ደህና አይደለሁም።» ድምፅ አውጥቼ ኖሯል፤ ከጎኔ የነበረችው ሴት ኮምቦልቻ ላይ ቦታ ቀየረች።

ነጭ ጋውን የለበሰችው ሴት አወቀችኝና «እጁ፣ ግባ!» አለች። አያ እንድሪስን ስታየው «እርስዎስ ምንዎን ነው?» አለችው። «ዘመድ ነኝ» አላት፤ ገባን። ሐኪሙ ያን ቀን ጺሙን አልተላጨም፤ ዓይኑ ቀልቷል። እኔ አግዳሚው ላይ ሆኜ የተለማመድኩትን ቃል ይዤ ተራዬን ስጠብቅ፣ አያ እንድሪስ ሳይቀመጥ ቆሞ ሰላምታውን ጀመረ።

«እንዴት ነዎት ዶክተር? ዓፊያ ነዎት?»

«ደህና» አለ ሐኪሙ እየጻፈ።

«ሥራው እንዴት ነው? ጤናዎስ?»

«ደህና፣ ደህና።»

«ቤተሰብዎስ? ልጆችስ?»

እስክርቢቶው ቆመ። ሐኪሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። ዓይኑ ቡናማ መሆኑን ያኔ አወቅሁ።

«አዲስ አበባ ናቸው» አለ። «እምቢ አሉኝ። ደሴ አንኖርም ብለው ሄዱ። ሆቴል ነው የምበላው። ጨጓራዬ ሊገለኝ ነው፤ ሌሊት ቁጭ ብዬ ነው የማነጋው። በቀን ይህን ሁሉ ሰው አያለሁ፣ አንድም ሰው አንተስ እንዴት ነህ ብሎኝ አያውቅም።»

እኔ ብዬው ነበር። በመጀመሪያው ቀን፣ እዚሁ አግዳሚ ላይ። ግን አንዴ ብቻ ነው የጠየቅሁት።

«አብሽሩ!» አለ አያ እንድሪስ። «አላህ ያሽርዎት!» ከዚያም እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ዱዓ ገባ። ለጨጓራው፣ ለልጆቹ፣ ለእንቅልፉ፣ ለመንገዱ፣ ደሴን ለሚጠሉ ሁሉ ልቦና እንዲሰጣቸው ለመነ። አግዳሚው በሙሉ አሚን አለ። ነጠላ ያጣፉ አንዲት እናት አሜን እያሉ አማተቡ። ነጭ ጋውን የለበሰችው ሴት በሩን ገርበብ አድርጋ አየችንና ቀስ ብላ መልሳ ዘጋችው። የማንም በሽታ አልተነሳም፤ በሽተኛው ሐኪሙ ነበር።

ዱዓው ሲያልቅ ሐኪሙ ዓይኑን ጠረገና ተነሳ። እየዞረም ሁላችንን ይጨብጠን ጀመር፤ ያ ከጠረጴዛው ማዶ እዚያው ሁን ያለኝ ሰው! እኔ ጋ ሲደርስ በልማዴ አንጓዬን ሰጠሁት። እሱ ግን ወረድ ብሎ መዳፌን ራሱን ያዘው፤ ያንን የተሰነጠቀውን።

«በቃ!» አለ አያ እንድሪስ። «ሐኪሙ ከጨበጠው እኔ ምን እሰማለሁ? ተነስ፣ መኪና ሳያመልጠን።» ቀድሞኝ ወጣ።

እኔም ሳልታከም ተከተልኩት። በሩ ላይ ግን ዞር ብዬ አየሁ። ሐኪሙ እጅጌውን ሰብስቦ ቧንቧው ሥር ቆሟል። እስከ ክርኑ ድረስ በሳሙና ይፈትጋል።

እግሬ እዚያው ቀረ። አያ እንድሪስ አላየም። ደረጃውን እየወረደ ለሚያገኘው ሰው ሁሉ ሰላምታ እየሰጠ ነው። ብወጣ ኒካሁ የእኔ ነው፤ ልጄን በገዛ እጄ ልድር ነው። ግን የሚይዘኝ እጅ የኑሬ ነው። ያ መሬት መሬት የሚያይ ልጅ በሽታ ቢጋባበት፣ ያ በሽታ ተመልሶ ዘሃራ ጋ ቢደርስ... ደከመኝ፤ የምሬን ነው። ይህን ያህል የደከመኝ ቀን የለም። ተመልሼ ገባሁ።

«ዶክተር፣ ደህና አይደለሁም።»

ያቺ ቃል አንዴ ከወጣች በኋላ የሚያቆማት ጠፋ። «ቅባቱ አልሠራም። ተሽሎኛል ያልኩዎት ውሸት ነው። ሌሊት ሳክ አድራለሁ። ሰው አንጓውን ነው የሚሰጠኝ። ልጄን ልድር ነው፤ የሚጋባ ከሆነ ይንገሩኝ፣ ወኪል አቆማለሁ።»

«ማን ነው ይጋባል ያለህ?» አለ፣ ከእጁ ውሃ እየተንጠባጠበ።

«አሁን ሲታጠቡ አየሁ።»

«ሰውዬ፣ እኔ ማንንም ከነካሁ በኋላ እታጠባለሁ። የአንተ ችፌ ነው። ከሰው ወደ ሰው አይጋባም!»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገሩኝም?»

«አንተስ ለምን አልጠየቅከኝም?»

ከዚያ ወንበሩን ከጠረጴዛው ማዶ ጎትቶ አመጣና አጠገቤ ተቀመጠ። እጄን ጭኑ ላይ አስቀምጦ አገላበጠው። ጥፍሬ ሥር የቀረውን አረንጓዴ ቀለም ሲያይ ቆም አለ።

«ሥራህ ምንድን ነው?»

«ታፔላ እጽፋለሁ።»

«እጅህን በምን ትታጠባለህ?»

«በቤንዚን።»

ዓይኑን ጨፈነ። «በቤንዚን» አለ ቀስ ብሎ፤ የሰው ሞት የተረዳ ነበር የሚመስለው። «ቀብቼህ ማታ ማታ በቤንዚን ስታጥበው ኖረሃል።» ከዛሬ ጀምሮ ቀለሙን በምግብ ዘይት እንዳስለቅቅ፣ በላስቲክ ጓንት እንድሠራ ነገረኝ፤ ሌላ ቅባትም ጻፈልኝ። ስወጣ ታፔላውን በነጻ ላድስለት አልኩት። ትንሽ አሰበና «አባላዘሯን አሳንስልኝ» አለኝ።

ወርጄ ለአያ እንድሪስ ሁሉንም ነገርኩት፤ መታጠቡንም፣ መመለሴንም። «እኔ ብሆን ባልተመለስኩ ነበር» አለና ቀኝ እጄን ስቦ ሳመው።

ኒካሁ የታሰረው ከረመዳን በፊት ነው። እጄ ተሽሎት ነበር፤ በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መሀል ያለችው የመጀመሪያዋ ቦታ ብቻ አልለቀቀችኝም። ኑሬ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ፤ ተያያዝን፤ ሼሁ በእጃችን ላይ ነጭ መሐረብ ጣል አድርገው ኹጥባውን ጀመሩ። ኹጥባቸው ረጅም ነው። መሀል ላይ ሲደርሱ ያቺ ቦታ ማሳከክ ጀመረች።

እናንተ ሆዬ! በዱላ ብመታ ይሻለኝ ነበር። እጄን እንዳላነሳ ኒካህ ነው። ከንፈሬን ነከስኩ። እንባዬ መጣ። ሰው የአባት አንጀት መሰለው፤ አያ እንድሪስ እኔን እያየ በፎጣው ዓይኑን ጠረገ። ላብ በጀርባዬ ወረደ። በቃ፣ በልጄ ኒካህ ላይ እጄን ነጥቄ ላክ ነው አልኩ።

ያኔ መሐረቡ ሥር የኑሬ አውራ ጣት ተንቀሳቀሰች። ቀስ ብላ ያቺን ቦታ አገኘቻትና ታክልኝ ጀመር። ቀና ብዬ አየሁት። መሬት መሬት እያየ ነው፤ ፊቱ ላይ ምንም የለም።

ሼሁ ወደ እኔ ዘወር ብለው ልጅህን ለዚህ ሰው ሰጥተሃል ወይ አሉኝ። ሳምንት ሙሉ ያጠናሁት ዓረብኛ ጠፋኝ። «በደንብ ነው የሰጠሁት!» አልኩ በአማርኛ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ኑሬ ግን አልሳቀም፤ ማከኩንም አላቆመም።